11:40 ላይ የነጡት ፋይሎች

«ሌባ» የሚለውን ቃል ከአፌ አላወጣሁም። ይሄ ይታወቅልኝ። ግን ያን ዕለት ስብሰባ ላይ ቆሜ የተናገርኩትን የሰማ ሰው ሁሉ ከአዳራሹ የወጣው ያንኑ ቃል ይዞ ነው። እኔም ይዘው እንዲወጡ ፈልጌ ነበር። ስለዚህ አላልኩም ማለቴ ብዙም አያዋጣኝም።

ሰበታ አንድ ቢሮ ከተቀጠርኩ ሦስተኛ ወር ላይ ነበርኩ። በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቄ፣ አየር ጤና እናቴ ቤት ስምንት ወር ስልክ ስጠብቅ ተቀምጬ፣ መጨረሻ ላይ ያገኘሁት ሥራ ነው። የሙከራ ጊዜ ላይ ነኝ። የሙከራ ጊዜን ያለፈ ያውቀዋል፤ ስትስቂ እንኳ ማን እንዳየሽ ዞር ብለሽ ታያለሽ። ቢሮው የቤት ሠሪ ማኅበራትን ፋይል የሚይዝ ነው። ማን አባል እንደሆነ፣ የቱ ቦታ ለማን እንደደረሰ፣ ፕላኑ፣ የዕጣው ውል፣ ሁሉም እኛ ጋ ነው ያለው። ዋናው ሰበታ ነው፣ ቅርንጫፎቹ ቡራዩና ሱሉልታ። አባላቱ ብዙዎቹ አዲስ አበባ ተወልደው ያደጉ፣ የቤት ኪራይ ገፍቶ ገፍቶ ከከተማው ያወጣቸው ሰዎች ናቸው። ለእነሱ ፋይላቸው ጠፋ ማለት ቤታቸው ጠፋ ማለት ነው።

የኔ ሥራ ያን ሁሉ ወረቀት ስካን አድርጎ ፒዲኤፍ ማድረግና ለቅርንጫፎቹ ማድረስ ነበር። ምክንያቱም ወረቀት ይቀየራል። ከፋይል መሀል አንድ ገጽ ይወጣና በምትኩ ሌላ ይገባል፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ያንቺ ቦታ የሌላ ሰው ሆኖ ታገኚዋለሽ። ስካን ከተደረገ ግን ቅጂው ሦስት ቦታ ስለሚቀመጥ ወረቀቱን የነካ ሰው ይያዛል። ይሄን የነገረችኝ ሥራ አስኪያጃችን ሰናይት ናት፣ ገና በመጀመሪያው ቀን። አርባ አልሞላትም፣ አንቱታ አትወድም፣ ሰው አታምንም። «እዚህ ቤት ባዶ ወንበር እንኳ የሚጠቅመው ሰው አለ» አለችኝ። በደንብ አልገባኝም፤ ግን ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩት።

ወረቀቱን የሚጠብቁት ኦቦ ቱፋ ናቸው። የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ፣ ጡረታ ሊወጡ አምስት ወር የቀራቸው። ዓለም ገና ጫፍ ላይ ይኖራሉ፣ ሁለት ላሞች አሏቸው። ጠዋት ስገባ «አከም ቡልቴ ኢንተላ፣ ዛሬም ወረቀቶቼን ልታስነጥቂኝ መጣሽ?» ይሉኛል። የኔ ኦሮምኛ ሰላምታው ላይ፣ ኢንተላ ደግሞ ልጅት ማለት መሆኑ ላይ ያልቃል። «ፈያ፣ ኦቦ» እልና ወደ ስካነሩ አልፋለሁ። ስካኑን አይወዱትም፤ አልደበቁትምም። ወረቀት እጅ ሲነካው ይታወቃል፣ ይሄ መስታወት ግን ማን እንደነካው በምን ይታወቃል እያሉ ሲከራከሩኝ ይውላሉ።

ፋይሎቹ ከመንጣታቸው በፊትም እጠረጥራቸው ነበር። ድንገት በሩን ከፍቼ ስገባ የኮምፒውተሩን ስክሪን ዞር ያደርጉታል። አርብ አርብ ትልቅ ጥቁር ፌስታል ታቅፈው ይወጣሉ፣ ጥበቃው አይፈትሻቸውም። ከሰናይት ጋር ሦስት ወር የዋለ ሰው ይሄን አይቶ ዝም አይልም። እሱንም ማስታወሻዬ ላይ ጽፌዋለሁ፤ ከነቀኑ።

እና አንድ ሐሙስ ጠዋቱን ቡራዩ ቅርንጫፍ ፕሪንተር ሳስተካክል አሳልፌ፣ ከምሳ በኋላ ሰበታ ተመለስኩ። የሱሉልታና የቡራዩ ፋይሎች ስካን ተደርገው አልቀዋል፤ ግን ከብደው ፍላሹ ላይ አልገባ አሉኝ። ስለዚህ ኮምፕረስ አደረግኳቸው። ኮምፕረስ ማድረግን ለማታውቁት፣ ልብስ አጥፎ ሻንጣ ውስጥ መክተት በሉት። ልብሱ ያው ነው፣ ቦታ ብቻ አይፈጅም። በማግስቱ ፍላሾቹ ወደ ሁለቱም ቅርንጫፍ ሄዱ።

ማክሰኞ ጠዋት ለሊሴ ከሱሉልታ ደወለች። ለሊሴ የዚያ ቅርንጫፍ ጸሐፊ ናት፤ እኩያዬ ናት፣ በስልክ ነው የተዋወቅነው።

«ሜሊ፣ ይሄ ፋይል ነጭ ነው እኮ።»

«ነጭ ማለት?»

«ነጭ ነዋ። ገጹ አለ፣ የገጹ ቁጥር አለ፣ ላዩ ላይ ምንም የለም። አዲስ ደብተር በይው።»

ሌላ እንድትከፍት ነገርኳት። ነጭ። ሌላ። ነጭ። አጥፊና አብሪው አልኳት፤ አራት ዓመት ተምሬ መጀመሪያ የምለው እሱን ነው። አጠገቧ ፋይላቸውን ሊያዩ የመጡ አንድ ሴትዮ ቆመዋል፤ «ቤቴን የት አደረሳችሁት?» ሲሉ በስልኩ ይሰማኛል። ዘግቼ ቡራዩ ደወልኩ። እዚያም ነጭ። የራሴ ላፕቶፕ ላይ ከፈትኩ። ነጭ። አርባ የሚሆኑ ፋይሎች ከፍቼ አርባውም ነጭ ሲሆኑ ወደ ሰናይት ቢሮ ሮጥኩ።

የመሬት ፋይል ባዶ ሆኖ ሲገኝ «ምን ሆኖ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው የለም። «ማን ነው?» ነው ጥያቄው። ሰናይት የጠየቀችኝ እሱን ነው። ስካኑ ከጠፋ ወረቀቱን መቀየር ቀላል ነው አለች፤ አንድ ሰው መንገድ እየጠረገ ነው። እኔም ኮምፒውተር ተማርኩ የምለው ልጅ፣ ፋይሉ ምን ሆነ ብዬ ሳልጠይቅ ማን ነው ብዬ ፍለጋ ገባሁ።

እያንዳንዱ ፋይል መጨረሻ የተለወጠበትን ቀንና ሰዓት ይይዛል። አወጣሁት። ሐሙስ፣ 11:40 ኤ ኤም። የሚቀጥለው 11:41 ኤ ኤም። ከዚያ 11:42። እንደተሰለፈ ሰው ተራ በተራ። በፈረንጅ ከቀትር በፊት 11:40 ማለት በእኛ ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ከአርባ ነው። በዚያ ሰዓት እኔ ቡራዩ ነኝ። ሰናይት አዲስ አበባ ስብሰባ ላይ ናት። ፋይሎቹ የተሠሩት መዝገብ ቤት ኮምፒውተር ላይ ነው፣ መዝገብ ቤቱን የሚከፍት ቁልፍ ደግሞ አንድ ነው።

ደስ አለኝ። ውሸት አልጽፍም፣ ደስ አለኝ።

ረቡዕ ሠራተኛው በሙሉ አዳራሽ ተጠራ። የማኅበራቱ ኮሚቴ ሰዎችም መጡ። ላፕቶፔን ከፕሮጀክተሩ ጋር አያይዤ ነጭ ገጾቹን አንድ በአንድ ግድግዳው ላይ አሳየሁ። ከዚያ ሰዓቱን አሳየሁ። ፋይል በራሱ አይነጣም አልኩ። ሐሙስ ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ከአርባ ላይ አንድ ሰው መዝገብ ቤት ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ ተራ በተራ አንጥቷቸዋል አልኩ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም።

ሰናይት ጠየቀችኝ። «አንቺም ሐሙስ ነክተሻቸዋል አይደል?»

«እኔ ኮምፕረስ ነው ያደረግኩት። እሱም ከሰዓት በኋላ ነው። ይሄ ኤ ኤም ነው የሚለው፣ ከቀትር በፊት።»

ታዲያ ያንቺስ ሰዓት የታለ፣ ለምን አይታይም ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። እኔም ራሴን አልጠየቅኩም። ኮምፕረስ ፋይሉን ያጥፈዋል እንጂ አይለውጠውም፣ ስለዚህ ሰዓቱንም አይነካም ብዬ ነበር ያለፍኩት። ከየት እንዳመጣሁት እንጃ።

ሰናይት ወደ ኦቦ ቱፋ ዞረች። ሐሙስ በዚያ ሰዓት መዝገብ ቤት ማን ነበር አለቻቸው።

«እኔ ነበርኩ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ማን ይኖራል? ቁልፉ እኔ ጋ ነው።»

የቃለ ጉባኤ ጸሐፊዋ እስክሪብቶ ብቻ ነው የሚሰማው። ኦቦ ቱፋ ወደ እሷ ዞረው ያሉትን እንዳሉት እንድትጽፍ ነገሯት፤ ስማቸውንም ከነአያት። የመዝገብ ቤት ሰው ናቸው፣ የተጻፈ ነገር የት እንደሚደርስ ያውቃሉ። ከዚያ እኔን አዩኝ።

«አንቺ ኢንተላ፣ እኔ ነኝ እያልሽ ነው?»

«እኔ ሰዓቱን ነው የማነበው፣ ኦቦ» አልኳቸው።

ከሰዓት በኋላ መዝገብ ቤቱ ታሸገ። ማሸግ አይታችሁ የማታውቁ ካላችሁ፣ በሩና መቃኑ ላይ የተፈረመበት ወረቀት ይለጠፋል፣ ወረቀቱ ላይ ክብ ማህተም ይመታል፤ በሩ ቢከፈት ወረቀቱ ይቀደዳል። ኮምፒውተሩም ወረቀቱም ውስጥ ቀሩ። ኦቦ ቱፋ ቁልፉን ፈርመው አስረከቡ፣ እስከ ሰኞ ቤታቸው እንዲቆዩ ተነገራቸው። ሰኞ በሩ እሳቸው ባሉበት ይከፈታል፤ ነገሩ ካልተፈታ ለፖሊስ የሚጻፈው ደብዳቤ ይወጣል። ደብዳቤው ተጽፎ አልቋል፣ የቀረው ፊርማ ነው። በሰነድ ማጥፋት ተከሶ ጡረታ የሚወጣ ሰው የለም፤ የሚወጣው በሌላ በር ነው።

ሰናይት ኮሪደር ላይ ትከሻዬን ነካ አድርጋ «ጎበዝ፣ ያንቺ የሙከራ ጊዜ ያለቀ ነው» አለችኝ። ታክሲ ውስጥ እየሳቅኩ ነው የገባሁት።

አርብ ዕለት ማስረጃ እንዳመጣ ሱሉልታ ተላክሁ። ነጮቹን ገጾች ከዚያ ኮምፒውተር ላይ ፕሪንት አድርጌ፣ ቅርንጫፉ ፈርሞበት፣ ከደብዳቤው ጋር ይያያዛል። ነጭ ወረቀት ፕሪንት አድርጎ ማህተም ማስመታት አስቂኝ መሆኑ ያኔ አልታየኝም። ከሰበታ ተነስቶ አዲስ አበባን አቋርጦ፣ ከአዲሱ ገበያ ሌላ ታክሲ ይዞ እንጦጦን ወጥቶ መውረድ ግማሽ ቀን ይበላል። ሱሉልታ ስደርስ ነፋሱ ጆሮዬን ሊያስጥለኝ ነው።

ለሊሴ በአካል ስታገኘኝ አቀፈችኝና አጭር ነሽ አለችኝ። በስልክ ድምፄ ረጅም ይመስላት ነበር። እኔ ደግሞ ወሬ አላሰኘኝም፤ የዚያን ማክሰኞ የመጡት ሴትዮ ቃላቸውን ይሰጡ እንደሆነ ጠየቅኳት።

«እሳቸው? ኧረ እሳቸው ተረጋግተዋል።»

«ማን አረጋጋቸው?»

«ነጭም ቢሆን ፋይሌን ላኩልኝ ብለው ሙጭጭ አሉብኝ፣ በቴሌግራም ላክሁላቸው። ትንሽ ቆይተው ደውለው እንዴት እንደመረቁኝ።»

«በነጭ ወረቀት?»

«እኔም ግራ ገብቶኝ ስልኬ ላይ ከፈትኩት። አለ እኮ። ቁልጭ ብሎ።»

ስልኳን ነጠቅኳት ማለት ይቻላል። የሴትዮዋ ፋይል ነው። ፎቶአቸው፣ የዕጣው ውል፣ ሦስት ፊርማ፣ ሰማያዊው ክብ ማህተም። ያው ፋይል ከፊቴ ባለው ኮምፒውተር ላይ ነጭ፣ ስልኩ ላይ ሙሉ። የፋይሉን ክብደት፣ ስንት ሜጋባይት እንደሆነ አየሁ። ምንም የሌለበት ገጽ ያን ያህል አይከብድም፤ ይሄን ማክሰኞ በመጀመሪያው ደቂቃ ማየት ነበረብኝ። ለምን አልነገርሽኝም ብዬ ጮህኩባት።

«ደውዬልሽ ነበር። ረቡዕ። ስብሰባ ልገባ ነው ብለሽ ጆሮዬ ላይ ዘጋሽው።»

እውነቷን ነው። ስሜን እንኳ ጠርታ ሳላስጨርሳት ነው የዘጋሁት።

አሁን የምነግራችሁን ነገር ብተወው ደስ ይለኝ ነበር። ፋይሎቹ እንዳልጠፉ ሳውቅ፣ እፎይ አላልኩም። ወዲያው ያሰብኩት «ታዲያ ምን አድርገውት ነው?» ብዬ ነው። ኦቦ ቱፋ። አላጠፏቸውም፣ ደብቀዋቸዋል። የሆነ ሰው አስተምሯቸዋል። ለዚህ ነው ስክሪኑን የሚያዞሩት። ሰናይት ጋ ደወልኩ፤ እሷም ከአፌ ቀማችኝ። ደበቋቸው ማለት ነዋ አለች፤ የባሰ ነው፣ ታስቦበት የተሠራ ነው። ጥርጣሬ አንዴ ወንበር ካገኘ እንዴት እንደሚደላደል ያን ቀን አይቻለሁ። ማስረጃው ሲገለበጥ እሱም አብሮ ይገለበጣል እንጂ አይነሳም።

ለሊሴ ስልኩን እስክዘጋ ጠብቃ አየችኝ። «ማል ታቴ ሜሊ? ምን ሆነሻል? አንቺ የምትፈልጊው ፋይሉን ነው ሰውዬውን?»

ነጮቹን ወረቀቶች ይዤ ወጣሁ።

ሰኞ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የታሸገው በር ፊት ቆምን። ሰናይት፣ ሁለት የኮሚቴ ሰዎች፣ እኔና ኦቦ ቱፋ። እሳቸው ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ጢማቸውን ተላጭተው መጥተዋል። ማንም ማንንም በደንብ ሰላም አላለም። ማህተሙ ያልተነካ መሆኑን አይተን ፈረምን፣ ወረቀቱ ተቀደደ፣ ገባን።

መጀመሪያ ያገኘነው ጥቁሩን ፌስታል ነው። ከወንበሩ ስር ተቀምጦ፣ አንድ ጎኑ ተቀዶ ፉርሽካ ወለሉ ላይ ፈሷል። ኦቦ ቱፋ ጎንበስ ብለው በእጃቸው ሰበሰቡት። ለላሞቹ ነው፤ እዚያው ከቢሮው ጀርባ ካለው ወፍጮ ቤት እየገዙ፣ ሲሞላ አርብ አርብ ይወስዱታል። ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። ስክሪኑ ላይ ያልተቋጨ የካርታ ጨዋታ ብቅ አለ። አንዱ የኮሚቴ ሰው ሳቁን በሳል ሸፈነው። ስክሪን የሚያዞሩት ለካ ለዚህ ነው። ኦቦ ቱፋ ግድግዳውን እያዩ ነበር።

በስካነሩ ፕሮግራም አንዱን ፋይል ከፈትኩ። ሙሉ። ሌላ። ሙሉ። ሁሉም ሙሉ። ሰናይት ከኋላዬ ጎንበስ ብላ «ታዲያ ምንድነው?» አለች። ሰዓቱን ላስተያይ ብዬ ዓይኔ ወደ ስክሪኑ ጥግ ሄደ። 2:52 ይላል።

ልክ ነው አልኩ በልቤ። ሁለት ሰዓት ከሃምሳ ሁለት ነው። ዓይኔን ልነቅል ስል ከቁጥሩ ጎን ያሉትን ሁለት ፊደሎች አየሁ። ኤ ኤም። ኮምፒውተር ሁለት ሰዓት ከሃምሳ ሁለት ኤ ኤም ካለ በእኛ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ከሃምሳ ሁለት ማለት ነው። በመስኮቱ ፀሐይ ገብታ ጠረጴዛው ላይ ተኝታለች።

«ኦቦ ቱፋ፣ ይሄን ሰዓት የነካው ሰው አለ?»

«እኔ ነኝ። ተሳስቶ ነበር እኮ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ሲሆን እሱ ዘጠኝ ይላል። ገና በመጣ ጊዜ ነው ያስተካከልኩት።»

ያ ኮምፒውተር ለጥንቃቄ ተብሎ ከኢንተርኔት ጋር አልተያያዘም፤ ስለዚህ ሰዓቱን የሚመልሰው ነገር የለም። ከገዛነው ቀን ጀምሮ በሐበሻ ሰዓት ነው ሲሠራ የኖረው። ፋይሎቹ ላይ ያለው 11:40 ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ከአርባ አይደለም። የእኛው አስራ አንድ ሰዓት ከአርባ ነው። አመሻሽ ላይ።

አስራ አንድ ተኩል ላይ ከሥራ እንወጣለን። ያን ሐሙስ ኦቦ ቱፋ ኮታቸውን ለብሰው በሩ ላይ ቆመው ነበር። ፋይሎቹ ፍላሹ ላይ አልገቡልኝም፣ ትንሽ እቆያለሁ ስላቸው ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው «ስትጨርሺ ለጥበቃው ስጪልኝ» ብለው ሰጥተውኝ ሄዱ። እኔ እዚህችው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ጥጉ ላይ 11:40 ይል ነበር፣ በኔም ልብ 11:40 ነበር፣ ምኑን ልጠርጥር? የአየር ጤና ታክሲ ከመሙላቱ በፊት ልድረስ ብዬ ተጣድፌያለሁ። ፕሮግራሙ በእንግሊዝኛ ሁለት ነገር ጠየቀኝ። በጣም ይነስ? አዎ። በዋናው ላይ ይጻፍ? አዎ። አንዱን እንኳ ከፍቼ አላየሁም። የመረጥኩት አስተጣጠፍ አዲስ ዓይነት ነው፤ ቢሮ ውስጥ ያሉት አሮጌዎቹ የፒዲኤፍ ማንበቢያዎች፣ የኔ ላፕቶፕ ላይ ያለውም ጭምር፣ አያውቁትም። የማያውቁትን ነገር ሲያገኙ ስህተት አለ ብለው አይናገሩም። ዝም ብለው ነጭ ያሳያሉ። ስልክ ግን አዲስ ነው፣ ያውቀዋል፤ የስካነሩ ፕሮግራምም ያጠፈው ራሱ ስለሆነ ያውቀዋል።

ሰናይት አሁንም ትጠብቃለች። «ሜላት፣ ምንድነው?»

በዚያች ክፍል ውስጥ ነገሩ የገባው ሰው እኔ ብቻ ነኝ። አንድ ቃል አፌ ላይ መጣ፤ ቫይረስ። ኮምፒውተር የተማረ ሁሉ ያውቀዋል፤ ቢሮ ውስጥ ቫይረስ ነው ያልሽ እንደሆነ ማንም ሁለተኛ አይጠይቅሽም። ኦቦ ቱፋ ይመለሳሉ፣ እኔም እተርፋለሁ። የከለከለኝ ጨዋነቴ እንዳይመስላችሁ። ኦቦ ቱፋ አሁንም ፉርሽካውን ከወለሉ እየለቀሙ ነበር፤ ምንም አልጠየቁኝም። ያ ነው የከበደኝ።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «ሐሙስ ከሥራ በኋላ። ኮምፕረስ ሳደርግ።» ሰዓቱንም አስረዳሁ፤ ተንተባትቤ፣ ሁለቴ ደግሜ።

ሰናይት የኮሚቴዎቹን ሰዎች ሻይ ጋብዛ አስወጣቻቸውና በሩን ዘጋች። ተቆጥታለች፤ ግን የምትቆጣው ስሌት እየሠራች ነው። ደብዳቤውን እቀደዋለሁ አለች። ኦቦ ቱፋ ዛሬውኑ ሥራቸውን ይጀምራሉ። ለሠራተኛው ቫይረስ ነው እንላለን፤ ያ ሁሉ ሰው ፊት ተሳስተናል ብንል የአባላቱ እምነት ይጠፋል። አየችኝ፤ እኔም አንገቴን ልነቀንቅ ነበር። ፈልጌ ነበር።

ኦቦ ቱፋ ተነሱ። እጃቸውን አራገፉ።

«ቫይረስ ከተባለ እኔ ተጠርጥሬ ቀረሁ ማለት ነው» አሉ። «ቃለ ጉባኤው ላይ ስሜ አለ። ከነአያቴ። እኔ ጡረታ እወጣለሁ፣ ወረቀቱ አይወጣም። ከአስር ዓመት በኋላ አንድ ፋይል ሲጠፋ አንድ ሰው ያን ቃለ ጉባኤ ያነሳና አሃ፣ ይሄ ሰውዬ ይላል። በስብሰባ የተጻፈውን በስብሰባ ነው የማስነሳው።»

ሰናይት ልትከራከር ሞከረች። እሳቸው ግን በሩ ላይ ሄደው ቆሙ።

ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ ያው አዳራሽ፣ ያው ሰው፣ ያቺው ጸሐፊ። ረቡዕ የቆምኩበት ቦታ ላይ ቆምኩ። በዚህኛው ቀን ድምፄ ተንቀጠቀጠ። ሐሙስ ከቀኑ አስራ አንድ ሰዓት ከአርባ ላይ ፋይሎቹን ያበላሸሁት እኔ ነኝ፣ ኦቦ ቱፋን የወነጀልኩት ሰዓቱን በስህተት አንብቤ ነው አልኩ። አንዱ ከኋላ «ሰዓት ማንበብ ዩኒቨርሲቲ አያስተምሩም እንዴ?» አለ፤ ሳቁብኝ። ይሳቁ። ጸሐፊዋ ዓረፍተ ነገሩን እንድደግምላት ጠየቀችኝ፣ ደገምኩላት። በማግስቱ ሁሉም ኮምፒውተር ላይ አዲስ ማንበቢያ ጫንኩ፤ ግማሽ ቀን አልፈጀም። ያ ሁሉ ነገር የግማሽ ቀን ሥራ ነበር። የሙከራ ጊዜዬ በሦስት ወር ተራዘመ።

የተፈረመውን ቃለ ጉባኤ ወደ መዝገብ ቤት ያደረስኩት ራሴ ነኝ። ኦቦ ቱፋ መነጽራቸውን አድርገው ከላይ እስከታች አነበቡት። ቁጥር ሰጡት፣ ከረቡዑ ቃለ ጉባኤ ጋር አንድ ላይ ሰፉት፣ የማስረከቢያውን መዝገብ ወደኔ አዞሩ።

«እዚህ ጋ ይፈርሙ» አሉኝ።

መጀመሪያ ከኋላዬ ሌላ ሰው የገባ መስሎኝ ዞርኩ። ማንም የለም። የልጅ ልጃቸውን የማክለውን እኔን ነው አንቱ ያሉት።

«ኦቦ ቱፋ፣ በናትዎ አንቺ ይበሉኝ።»

«ስምዎን ሙሉውን ይጻፉ። ከነአያት።»

ጻፍኩ።

አሁን እናንተን ልንገራችሁ። ቢሮ ውስጥ ፒዲኤፍ ከፍታችሁ ነጭ ገጽ ካያችሁ፣ መጀመሪያ ክብደቱን እዩ። ከከበደ ነገሩ ውስጡ አለ፣ የማያነበው የከፈታችሁበት ፕሮግራም ነው። በሌላ ክፈቱት፣ ስልክ ላይ ላኩት። ሰዓት ካነበባችሁ ደግሞ የማን ሰዓት እንደሆነ ጠይቁ። ይሄ አምስት ደቂቃ ነው። እኔ ያን አምስት ደቂቃ አላጠፋሁም፤ ስድስት ቀን ሙሉ ሰው ሳሳድድ ግን ጊዜ አላነሰኝም። ከዚያ ወዲህ ማስታወሻዬ ላይ የሰው ስም አልጽፍም። እጄ እየበላኝም ቢሆን። ለሊሴ ስትደውል ሳላስጨርሳት አልዘጋም፤ እሷ አሁን አላግባብ ትጠቀምበታለች።

ይቅር ብለውኛል? ብለውኛል። በጾም ቀን ሽሮ አካፍለውኛል፣ እናቴ ስትታመም መጥተው ጠይቀዋል። ግን እስከ ጡረታቸው ድረስ አምስቱንም ወር፣ ጠዋት በሩን ስከፍት ከወንበራቸው ትንሽ ብድግ ብለው «እንዴት አደሩ?» ነበር የሚሉኝ። የመጨረሻው ቀን ሸኘናቸው፣ ኬክ ተቆረሰ፣ ሁሉንም እየዞሩ ሳሙ። እኔ ጋ ሲደርሱ ሦስቴ ሳሙኝና «በርትተው ይሥሩ» አሉኝ።